የአርባኛው ጨዋታ ውጤት

ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ። ከማተሚያ ቤት ድረስ በእግርሽ መጣሽ? ደረጃውስ አላደከመሽም? እዚያኛው ወንበር ላይ አትቀመጪ፣ አንድ እግሩ አጭር ነው። የቼዝ ክበብ ሙሉ አዋቂ ተቀምጦ ወንበር የሚያስተካክል ጠፋ። ነይ እዚህ፣ መስኮቱ ጋ ኮምፒውተር ላይ የሚተይበውን ሰው እንዳንረብሸው። አይ፣ አይሰማንም፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። ሽቦው የትም ሳይሰካ ተንጠልጥሎ ብታዪው ምንም አይደል… ዝምታም ይደመጣል፣ አይደል?

የጋሼን መታሰቢያ መጽሐፍ ልትወስጂ ነው የመጣሽው፣ አውቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚህች ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን አስተማሩ መሰለሽ። ጨዋታዎቻቸውን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጡረታ የወጣች ጸሐፊ ሌላ ምን ሥራ አላት? ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ። ያስቸገረችኝ አንዲት ብቻ ናት፣ የመጨረሻዋ።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ፕሮግራሙ ላጫውትሽ። የቼዝ ጨዋታ የሚመዘገብበት፣ የተመዘገበውንም ማንም ከፍቶ የሚያይበት ነው፤ በነፃ የሚታደል፣ ኮዱም ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ። የሠራው ደግሞ ከዚሁ ከክበባችን የወጣ ሰው ነው። ስሙን ምን አስጠራኝ፣ ትሑት ነው፣ መመስገን አይወድም። ለሰው ልጅ ብሎ ነው የሠራው። መግቢያው ገጽ ላይ በትልቁ “ስህተት ያያችሁ ጻፉልኝ፣ በደስታ እቀበላለሁ” ብሏል። እንዲህ ያለ ልበ ሰፊ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

እኔም ቃሉን አመንኩ።

ጋሼ የመጨረሻዋን ጨዋታ አልጨረሷትም። ሠላሳ አንደኛው እርምጃ ላይ፣ ተራው የእሳቸው ሆኖ ሳለ፣ ደረታቸውን ያዝ አድርገው ተነሡ። “ጠጠሮቹን እንዳትነኩ፣ እመለሳለሁ” ብለው በዚህ በር ወጡ። ሰሌዳውን ጨርቅ አልብሰን ስምንት ቀን ጠበቅናቸው። በዘጠነኛው ቀን ጨርቁን ያነሣሁት እኔ ነኝ… ተይው።

ወረቀቱ ላይ የውጤቱ ቦታ ባዶ ነው። እኔም ፕሮግራሙ ላይ “ያላለቀ” ብዬ አስቀመጥኩ። ዘግቼ ስከፍተው ጋሼን “ተሸናፊ” ይላቸዋል። አስተካከልኩት። ዘግቼ ስከፍተው አሁንም ያው።

ለሠሪው ሪፖርት ጻፍኩ። በአሥራ አንድ ደቂቃ መልስ መጣ፤ ቅልጥፍናውን አየሽልኝ? “በእኔ ኮምፒውተር ላይ አይታይም” ይላል። አቤቱታዬም እልባት እንዳገኘ ተቆጥሮ ተዘጋ። የኔ ዓይን ይሆናል ብዬ መነጽር ለወጥኩ። የቱን ቁልፍ ከየቱ አስቀድሜ እንደነካሁ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ደግሜ ጻፍኩ። “ስህተት አይደለም፣ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ተራው ሆኖ ሳይጫወት የተነሣ ተሸናፊ ነው” ተባልኩ። ይኸኛውም ተዘጋ። የወረቀቱን ፎቶ አያይዤ ሦስተኛ ጻፍኩ። “ከዚህ በፊት የቀረበ ነው፣ የመጀመሪያውን ይመልከቱ።” የመጀመሪያውን ሄጄ አየሁ። እንደተዘጋ አለ። ሰው ሥራው ላይ እንዲህ ሥርዓት ሲኖረው ደስ አይልም?

ደግሞ የሰው አቤቱታ አይሰማም ማለቴ አይደለም፣ እንዳትሳሳቺ። ባለፈው ሳምንት አንድ ማንም የማያውቀው ሰው ከባሕር ማዶ “የሰሌዳው ጥቁር ቤቶች ትንሽ ደመቁብኝ” ብሎ ጻፈ። ከምሳ በፊት ተስተካከለለት፣ ምስጋናም ተመረቀለት። ለሰው ዓይን ማሰብ ቀላል ነገር ነው እንዴ…

ያን ቀን ከጋሼ ፊት ለፊት ማን ተቀምጦ ነበር ብለሽ ብቻ እንዳትጠይቂኝ። ሆድ ይፍጀው። አንድ ተማሪያቸው ነው፤ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል እጁን ይዘው ያሳዩት። ከዚያች ቀን በፊት ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ገጥሟቸዋል፣ አንድም ቀን አላሸነፈም፣ አቻ እንኳ አልወጣም። ቅር ግን ብሎት አያውቅም። ሁሌ ይስቅ ነበር… ጥርሱ። በአርባኛዋም ጋሼ በአንድ ፈረስና በሁለት ወታደር በልጠውት ነበር። አሁን ፕሮግራሙን ከፍተሽ የሁለቱን ስም ብትጽፊ ምን የሚልሽ ይመስልሻል? አርባ ጨዋታ፣ ለተማሪው አንድ ድል። እንኳን ደስ ያለው። ኮምፒውተር መቼም ለማንም አያዳላም፤ ዘመድ የለው፣ ቂም የለው፣ የነገሩትን ነው የሚደግም።

እኔማ ምን አውቃለሁ። ሳያስተውለው ቀርቶ ነው እላለሁ። ለዓለም ሁሉ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የራሱን ስም መቼ ፈልጎ ያያል?

ምነው፣ የመተየቡ ድምፅ ቆመ? ደክሞት ይሆናል። ማረፍም አለበት።

አንቺ ፋይሉን እንዳለ ያዢልኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችውን ውጤት ግን እናንተ ጋ ስትደርሺ አጥፊና ቦታውን ባዶ ተዪው። አይ፣ ሌላ ቃል አትተኪበት፣ በማሽን ላይ ያለኝ እምነት ቀንሷል። ሦስት መቶውም ቅጂ ላይ “አላለቀም” ብዬ በብዕር የምጽፈው እኔ ነኝ። ጣቴ ቢንቀጠቀጥም ለአንዲት ቃል አያንስም። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ቅጂ ለባለቤታቸው እሰጣለሁ፤ ያን ቀን ኮታቸውን ይዘው እታች በር ላይ ሲጠብቋቸው የነበሩ ሴት “ተሸናፊ” የሚል ወረቀት ከእጄ አይቀበሉም። ለቀረው ዓለም ግን ጋሼ ተሸንፈው ነው የሞቱት። ይኼ ያቃጥለኛል፣ አልዋሽሽም።

ለዚያ ለወዳጃችን ግን ክፉ አልመኝም፣ አፌን ቁርጥ ያርገው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። እንደ ጋሼ ተማሪ ይውጣለት፤ እጁን ይዞ ያስተማረው ልጅ ፊት ለፊቱ ይቀመጥለት። እሱም አንድ ቀን ጨዋታው ሳያልቅ፣ “እመለሳለሁ” ብሎ የተነሣ እንደሆነ… ውጤቱን የሚመዘግብለት ሰው ልክ እንደ ራሱ ያለ ጠንቃቃ ይሁንለት። አሜን በይ የኔ ልጅ።