ከፊርማው በፊት የተመረመረው የውኃ ጉድጓድ

ያን ዓመት በረዶው ቀድሞ ነበር የጣለው። አቶ አርቮ ላህቲ የመኪናቸውን ጎማ ሊያስቀይሩ ጎሚስታው ዘንድ ተራ ሲጠብቁ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ካይሳ ጫማዋን እያራገፈች ገባች። ሕግ ተምራ ከተመለሰች ገና መንፈቋ ነው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ከመሬት በታች ብረት ሲቆፍሩ የጨረሱ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ አርቮ፣ የጋሼ ሩበንን ቤት ሊገዙ ነው አሉ። እንኳን ደስ አለዎት ልበል?»

«አትቸኩዪ» አሏት። «ቤቱን የፈተሸው መርማሪ ጉድ ይዞ መጣ። ጓሮው ውስጥ የተቀበረ የቤት ማሞቂያ ነዳጅ በርሜል አለ፤ ዝጎ ሲያፈስ ኖሯል። ነዳጁ ከመጠጥ ውኃው ጉድጓድ ገብቷል ይላል። ያም ሆኖ ሐሙስ የመጨረሻውን ፊርማ አኖራለሁ።»

የካይሳ ፈገግታ ጠፋ። «እያወቁ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ማዕድኑ ውስጥ ጣሪያ ሲናድብኝ ጎትቶ ያወጣኝ ሩበን ነው። አሁን ውኃህ ገማ ብዬ ልሽሸው? አባቴ ቤቱን የገዛው እጅ ጨብጦ ነው፤ መርማሪ የሚባል ፍጡር አላየም።»

«አባትዎ ከመሬቱ ሥር ያለውን አላወቁም። እርስዎ ግን አውቀዋል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የብረት አቧራ ስውጥ ኖሬያለሁ። ትንሽ ነዳጅ ምን ያደርገኛል?»

«እርስዎ ብቻ ቢሆኑ ዝም ባልኩ። ማሪት እርጉዝ ናት። ከእርስዎ ጋር ልትኖር አይደል የምትመጣው? በዚያ ውኃ ነው ልጇን የምታጥበው?»

የልጃቸው ስም በዚህ ነገር መነሳቱ አስቆጣቸው። «የእናንተ ትምህርት ቃል ማፍረሻ ነው» አሉ።

ካይሳ አልተቀየመችም። «ቀብድ የሰጡበት ውልዎ ላይ ስለ ምርመራ የተጻፈ ነገር የለም?»

«አለ። ደላላዋ እስከ ረቡዕ መተው ትችላለህ ብላኛለች።»

«እንግዲያው ቃልዎ ራሱ ያንን ይጨምራል፤ ጋሼ ሩበንም ፈርመውበታል። ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ቢያስታውቁ ቀብድዎ ይመለሳል። ወይም አስጠርገህ ሽጥልኝ፣ አለዚያ ዋጋ ቀንስ ይሏቸዋል። ከፈረሙ በኋላ ግን መርዙም የእርስዎ ንብረት ነው። አጽዳ የሚባሉት እርስዎ ይሆናሉ። እያወቁ ገዝተው ማንን ይከሳሉ?»

«ሩበንስ? ቤቱን የሚገዛው አጥቶ እዚያው ተቀበረ ማለት ነው።»

«ጋሼ ሩበን ዛሬ የሚጠጡት የትኛውን ውኃ ነው?»

አቶ አርቮ የምርመራውን ውጤት ከኪሳቸው አውጥተው አዩት።

«ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርኩትም። ማሳፈር መሰለኝ።»

«ጋሼ፣ ይሉኝታዎ ወዳጅዎን መርዝ እያጠጣቸው ነው።»

ይሉኝታ ያስከብራል፤ ሰውም ከሰው ጋር የሚኖረው በእሱ ነው። የሚጎዳውን ሰው ሳይጠይቅ እውነትን ሲሸፍን ግን ከበደል አይለይም። ጎማው እንደተቀየረ አቶ አርቮ በቀጥታ ወደ ሩበን ቤት ነዱ።

ሩበን ድንች ጥደው ነበር። አቶ አርቮ ሳይቀመጡ ነገሩን ተናገሩ፤ ቤቱንም እንደማይገዙ ጨመሩ።

«ቃልህ ይሄ ነበር?» አሉ ሩበን።

«ቃሌ ነበር። ግን ማሪትን እዚህ አላመጣትም። አንተም ከዛሬ ጀምሮ ይህን ውኃ አትጠጣ።»

ሩበን የምርመራውን ውጤት ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡ። ተነሡና ምድጃውን አጠፉ። «ኤልና ደሟ የተበላሸው በዚህ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ኤልና ሚስታቸው ነበረች፤ በደም በሽታ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው።

«አላውቅም» አሉ አቶ አርቮ። በእርግጥም የሚያውቅ አልነበረም። ሲመሽ መብራት ያበራ የለም፤ ሁለቱም እንደተቀመጡ ጨለመባቸው።

አቶ አርቮ ቀብዳቸው ተመለሰላቸው። ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ፤ ማሪትም እዚያው ወለደች። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ልጁ ንጹሕ ውኃ ይጠጣል። ነገሩ ለመንግሥት ስለተነገረ የጎረቤቶች ጉድጓድ ሁሉ ተመረመረ፤ ከቁልቁለቱ በታች ያለ ቤተሰብም ሳያውቅ ከዚያው መርዝ ሲጠጣ ተገኘ። ያ ሁሉ በአንድ ፊርማ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ቤት የሚገዛ ሰው ሲያገኙ አቶ አርቮ «አስመርምር፤ የተገኘውንም ቀኑ ሳያልፍ ተናገር። መብትህን ብትጠቀምበት የሚድነው አንተ ብቻ አይደለህም» ይላሉ።

የሩበን ቤት ግን እስካሁን አልተሸጠም። በፀደይ በርሜሉ ተቆፍሮ ሲወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ነበር። ሽታው ዐይን ያቃጥላል። ከዚያች ማታ ወዲህ አቶ አርቮን ያላናገሩት ሩበን ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«የውኃውን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር» አሉ።