ጥዱን የበሳው እጅ

ወዳጆቼ፣ ቶሮኔ ጣፋጩን ማኘክ ተዉና አንዴ ጆሯችሁን አውሱኝ። ፌርሞ፣ አንተም ቁጭ በል፤ ጡረታ የምትወጣው አንተ፣ የዛሬው ተከሳሽም አንተ ነህ።

አለቃችን ማኤስትሮ ቴዮባልዶ እንደሚያወሩት፣ ይሄ ሰውዬ ወደዚህ የቫዮሊን መሥሪያ ቤት ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ቀን በሩን ኳ ኳ አደረገ። "ግባ!" አሉት። አልገባም። እንደገና ኳ ኳ። ከፍተው ቢያዩት ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ቆሟል። "ጌታዬ፣ ይሄ በር እኮ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ማን ነው የሠራልዎ?" አለ። የሠሩት ራሳቸው ነበሩ!

ይኸው አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እንጨት ሲያንኳኳ ኖረ። የማኤስትሮ አማት ያረፉ ጊዜ፣ እኛ እንባችንን ስንጠርግ እሱ የሬሳ ሣጥኑን መታ መታ አድርጎ፣ "ኦርኔላ፣ እንዲህ ያለ ጥድ አፈር ሊበላው!" አለኝ። ሳቄን በመሐረብ ሸፍኜ ስንቀጠቀጥ ያዩኝ ቤተሰቦች፣ እንዴት አልቅሳ ነበር እያሉ እስከ ዛሬ ያመሰግኑኛል። ማኤስትሮ፣ ይቅርታ።

ደግሞ ማስነጠሱ! በዚህ ቤት ፌርሞ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚለው የለም፤ "ጥዱን ደብቁ!" ነው የምንለው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አስነጥሶት፣ እጁ ስቶ የቫዮሊን ፊት በሳ ተባለ። ጥዱ ማኤስትሮ ከአባታቸው የወረሱት፣ ሃምሳ ዓመት የደረቀ ነበር።

"ኦርኔላ፣ ዝም በይ።"

ፌርሞን ሰማችሁት? ሠላሳ ዓመት ዝም አልኩ፤ በቃኝ። ያን ቀን ፌርሞ አላስነጠሰም። የበሳሁት እኔ ነኝ። ለሙከራ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ነው፤ ላሳሳው ብዬ ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ መስኮቱ በእንጨቱ ቀዳዳ በኩል ታየኝ። ፌርሞ ከእጄ ቀማኝና "ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ" አለኝ። ስመለስ፣ "አስነጥሶኝ በሳሁት" ብሏቸው፣ ማኤስትሮ እሱ ላይ ይጮኹ ነበር። ያኔ ብባረር ኖሮ በከተማችን በክሬሞና ውስጥ የሚቀጥረኝ ቤት አልነበረም፤ ወሬው ቀድሞኝ ይደርስ ነበር።

ፌርሞ፣ ሲስቁብህ አብሬ ስቄአለሁ። አፍራለሁ። እንጀራዬን ያገኘሁት በአንተ ነው፤ አመሰግንሃለሁ። የእኔን ጥፋት ተሸክመህ ከዚህ በር እንድትወጣ አልፈልግም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ! ማኤስትሮ፣ እርስዎም ያንሡ እንጂ፤ እኔን ማባረሩ ለሰኞ ይደርሳል። ፌርሞ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ፤ በጡረታህ የምታጠምደው የፖ ወንዝ ዓሣም ይራራልህ። እጅህ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ለዚያ እጅ እንጠጣ!