የሙሽራዋ መኪና ወደ ኋላ ሄዷል

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ኢሶጋይ ዮሺሮ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የመኪና ወንበርና የውስጥ ልባስ ጥገና
አድራሻ፦ አይቺ ክፍለ ሀገር፣ ካሚኖሃማ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጁን 17 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.፣ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሃያካዋ ሺንጎ
ጉዳዩ፦ እሑድ ጁን 14 ቀን በከተማው የባቡር ማቋረጫ ላይ የደረሰ የመኪና ግጭት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ስለዚህ ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ በፈቃዴ ቀርቤያለሁ። የመኪናው ባለቤትና ሾፌር ኒሚ ካንጂ ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። የባሕር አረም እያመረተ የሚተዳደር ሲሆን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ልጁን ሳዎሪን ብቻውን አሳድጓል። በመካከላችን ጠብ የለም። ዛሬ የምሰጠው ቃል ግን እሱ እሑድ ዕለት ለፖሊስ ከሰጠው ቃል ጋር አይገጥምም። አለመግጠሙን ዐውቄ ነው የመጣሁት።

የኒሚ ቃል ተነቦልኛል። የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖበት ከፊቱ የቆሙትን መኪናዎች ሳያይ ማቋረጫው ውስጥ እንደገባ፣ ሐዲዱ ጋ ሳይደርስ እንደቆመ፣ ከኋላው የነበረው የዓሣ ማመላለሻ መኪና ደግሞ የማቋረጫውን መዝጊያ ሰብሮ እንደገጨው ተናግሯል። በዚህ ምክንያት የማመላለሻው ሾፌር ሱጊኡራ ካዙማ ከሥራ ታግዶ፣ የተጎዳ አንገቱ ታስሮ ቤቱ ተቀምጧል። መንጃ ፈቃዱንም ሊነጠቅ ነው። ይህ ሰው ጥፋት የለበትም። እሱ ቆሞ ነበር፤ ሄደን የገጨነው እኛ ነን።

እኔ መኪናው ውስጥ እንዴት እንደተገኘሁ ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ከሳዎሪ ሠርግ ሁለት ሳምንት በፊት ኒሚ መኪናውን ወደ ሱቄ አመጣው። መኪናው በ1965 የተሠራ ጥቁር የቤት መኪና ነው፤ አውቶማቲክ ሲሆን የማርሽ ዘንጉ ከመሪው ሥር ነው። ኒሚ ሚስቱን ያገባው በዚህ መኪና ስለሆነ ልጄንም በሱ ካልዳርኩ ብሎ የብርዱን ወራት ሙሉ ሲጠግነው ከርሟል። ሞተሩም ፍሬኑም ደህና ነበሩ። ችግሩ ማራገቢያው ሲከፈት ከዳሽቦርዱ የአየር ቀዳዳዎች ጥቁር ፍርፋሪ እየተረጨ መውጣቱ ነው። ቀዳዳዎቹ ከአየር ቱቦዎቹ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ የተለጠፈው ማሸጊያ ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሯል። ሙሽራ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ለብሳ በምትቀመጥበት መኪና ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማራገቢያውን አጥፍቶ መሄድም አይቻልም፤ ወሩ የዝናብ ወር ነው፣ ሦስት ሰው ሲተነፍስ መስታወቱ ወዲያው ይሸፈናል።

ዳሽቦርዱን ፈትቼ ቀዳዳዎቹን በሙሉ አወጣሁ። የድሮውን ስፖንጅ በቤንዚን እያራስኩ ፋቅኩት፤ የረጠበው እጅ ላይ ይጣበቃል፣ የደረቀው ዐይን ውስጥ ይገባል። አዲሱን፣ ውሃ የማይጠጣውን ስፖንጅ በየመጋጠሚያው ልክ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩ። ከወፈረ የአየሩ ክዳን አይዘጋም፤ ከቀጠነ አየሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያመልጥና መስታወቱ ጋ አይደርስም። ያላማረኝን ቀድጄ እንደገና ቆርጫለሁ። ኒሚ አጠገቤ ቆሞ ሲነዘንዘኝ ዋለ። ልብሷ ላይ አንዲት ጥቁር ፍርፋሪ ብታርፍ ከዚህ ከተማ እንደሚያባርረኝ ነገረኝ፤ እኔም ሙሽራዋ አንተ ነህ እንዴ አልኩት። ስጨርስ ወንበሩ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈን ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። ምንም አልወደቀም። ኒሚ ይህም አላሳመነውም፤ ሸሚዙን አውልቆ በነጭ ካናቴራው ቀዳዳዎቹ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጠ። እሑድ ዕለት ከጎኑ ተቀምጬ ቀዳዳዎቹን እንድጠብቅ የለመነኝ ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ሳዎሪን ወደ ሙሽራው ቤት ልናደርስ ከኒሚ ቤት ተነሣን። ኒሚ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ፣ ሳዎሪ ብቻዋን ከኋላ ተቀምጣለች። ዝናብ ይጥላል፣ ማራገቢያው ክፍት ነው። የፊት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነበር፤ ይህንን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ማቋረጫው ጋ ስንደርስ ከፊታችን ያሉት መኪናዎች ከማዶ ባለው ቀይ መብራት ተሰልፈው ነበር። ኒሚም አይቷቸዋል። አሁን ይሄዳሉ ብሎ ተከትሏቸው ገባ። አልሄዱም። እኛ ሐዲዱ ላይ እንዳለን ደወሉ ጮኸ፣ መዝጊያውም ከኋላችን ወረደ። ከፊታችን ያለው መኪና አንድ ክንድ አይርቀንም። ከኋላችን ግን እስከ መዝጊያው ድረስ ባዶ ነበር፤ የዓሣ ማመላለሻው ከመዝጊያው ወዲያ እንደ ደንቡ ቆሟል።

ታዲያ ለምን ወዲያው ወደ ኋላ እንዳልሄድን መርማሪው ጠይቀውኛል። መርማሪው ከሰሜን የመጡ ስለሆኑ አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ሙሽራ የጫነ መኪና ወደ ኋላ አይሄድም። ጠባብ መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ቢፋጠጥ የሚያፈገፍገው ሌላው ነው። የሙሽራዋ መኪና ከተመለሰ እሷም አንድ ቀን ዕቃዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች ይባላል። ብዙ ሰው ይስቅበታል፤ የራሱን ልጅ ሲድር ግን የሚስቅ አላየሁም። ኒሚማ ጭራሽ አይስቅም። የታላቅ እህቱን የሚትሱን የሙሽርነት ዕቃ የጫነው መኪና ለአውቶቡስ መንገድ ለመልቀቅ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ነበር። እኔና እሱ ልጆች ሆነን ዕቃው ላይ ተሳፍረን ነበር። ሚትሱ በሁለተኛው ዓመት ተፈትታ መጣች፤ እስከ ዛሬም ወንድሟ ቤት ናት። ስለዚህ ኒሚ ሐዲዱ ላይ ሆኖ የፈራው ባቡሩን ብቻ እንዳልነበረ ዐውቃለሁ።

ወደ ኋላ እንዲል ነገርኩት፤ እንቢ አለኝ። ከፊታችን ላለው መኪና ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ፤ መሄጃ ግን አልነበረውም። ባቡሩ ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ ጡሩንባውን ለቀቀው። ማቋረጫው ላይ ባቡር የሚያስቆም የአደጋ ቁልፍ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ወርጄ መጫን ነበረብኝ፣ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። እጄን ሰድጄ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁት። የኒሚ እግር ፍሬኑ ላይ ስለነበረ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ክንዴን በክርኑ መትቶ "እጅህን አንሳ፤ ልጄን አትመልስብኝ" አለኝ።

ሳዎሪ ከኋላ ወንበር ወደ አባቷ ጠጋ አለች። አልጮኸችም። "አባዬ፣ እግርህን አንሳ። ከሞትኩ ማንን ልትድር ነው?" አለችው።

ኒሚ እግሩን ከፍሬኑ አንሥቶ ነዳጁን ረገጠ። መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። መዝጊያውን ሰብሮ የቆመውን የዓሣ ማመላለሻ አፍንጫውን ገጨው። ባቡሩ ወዲያው ከፊታችን አለፈ፤ ንፋሱ መኪናውን ሲነቀንቀው ተሰምቶኛል።

ኒሚ መሪው ላይ ተደፍቶ "መለስኳት፣ በገዛ እጄ መለስኳት" እያለ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ይህ ቢጻፍም አላፍርም። ሳዎሪ ልብሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወረደች። አስቀድማ ወደ ማመላለሻው ሄዳ ለሾፌሩ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። ቀጥላ ወደ አባቷ መስኮት መጥታ "ተመለሰ ከተባለ የተመለሰው መኪናው ነው። እኔ ከዚህ በእግሬ ነው የምገባው፤ ከገባሁ ደግሞ አልወጣም" አለችው። እኔን ጋሼ ጃንጥላ ያዝልኝ አለችኝ። ዝናቡ ውስጥ ሐዲዱን ተሻግረን እስከ ሙሽራው ቤት ሄድን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጥቁር ፍርፋሪ ስንጠብቀው የሰነበትነው ነጭ ልብስ ጫፉ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኖ ገባ። የሙሽራው እናት አይታ እግሯን የምትታጠብበት ሙቅ ውሃ አስመጣችላት።

ፖሊስ ሲደርስ ሾፌሩ ሐኪም ቤት ተወስዶ ነበር፤ እኔና ሳዎሪም አልነበርንም። ኒሚ ያንን ቃል የሰጠው ብቻውን ሆኖ ነው። ሰኞ ዕለት ሱቄ መጥቶ ማሸጊያው አየር እያሳለፈ መስታወቱ እንደተሸፈነ እንድናገርለት ለመነኝ። እንዲህ ከተባለ መኪናው ወደ ኋላ መሄዱን ማንም አያነሣም፣ የሳዎሪም ትዳር መጥፎ ስም አይወጣለትም አለ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያንገበገበኝ የሾፌሩ ነገር አልነበረም። ማሸጊያዬ አፈሰሰ መባሉ ነው ያንገበገበኝ፤ በቁጣ ከሱቄ አስወጣሁት።

ማግስቱን ግን ሱጊኡራ ካዙማን ልጠይቅ ሄድኩ። አንገቱን ማዞር ስለማይችል መላ ሰውነቱን አዙሮ እያየኝ "ጋሼ፣ እኔ ቆሜ ነበር አይደል?" አለኝ። ሁሉም ሰው ሄደሃል ሲለው ራሱን መጠራጠር ጀምሯል። ቆመህ ነበር፣ ይህንኑ ሄጄ አስጽፋለሁ አልኩት። ከዚያ ቀጥታ ኒሚ ቤት ሄጄ ዛሬ ምን እንደምናገር ነገርኩት። ደግሞም ልጅህ የነገረችህን ብትሰማ ኖሮ መዋሸት ባላስፈለገህ አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ያመጣኝ ኒሚ ራሱ ነው። ሳልጠራው በዚያው መኪና መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። ዝናብ ነበር። ጣቢያው ግቢ ስንገባ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መዳፉን በየመጋጠሚያው ላይ እያዞረ ዳሰሰ። "አያፈስም። አያፈስም ብለህ ንገራቸው" አለኝ። እኔ ከወረድኩ በኋላ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ እያየ፣ መኪናውን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አስገብቶ አቆመው። አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የራሱን ቃል ለማስተካከል ተራውን እየጠበቀ ነው።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። በጽሑፉ ላይ "መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ" የሚል ስለነበረ "መኪናው ወደ ኋላ ሄደ" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። ከዚህ በቀር የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ የትም ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኢሶጋይ ዮሺሮ
ቃሉን የተቀበለው ሰው ፊርማ፦ ሃያካዋ ሺንጎ

ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፊርማው ጎን የሚያርፈውን የግል ማኅተሙን ስላልያዘ በግራ እጁ ጠቋሚ ጣት አሻራ አኑሯል። ጣቱ ላይ የደረቀ ጥቁር ማስቲሽ ስለነበረ የመጀመሪያው አሻራ አልወጣም። በሳሙና ታጥቦ ተመልሶ በድጋሚ አትሟል።