ከጣሪያዬ የወረደው ፓራንኮ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል! በደርግ ጊዜ ነው፤ ብስራተ ገብርኤል፣ ጓሮዬ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ። ሞተር የማነሳበትን ባለ ሰንሰለት ፓራንኮ ግሪስ ቀብቼ፣ በጆንያ ጠቅልዬ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ገባና አንጋጠጠ።

«ይሄ ለምን ሥራ ፈትቶ ይንጠለጠላል?»

«ጓድ፣ በዓመት አንዴ ነው የሚያስፈልገው» አልኩት።

«ሰፊው ሕዝብ ይሠራበታል!» ብሎ አስጭኖት ሄደ።

ክረምቱ እንዳለፈ የደንበኛዬን ሞተር የማወርድበት አጣሁና ልዋሰው ቀበሌ ሄድኩ። የገዛ ፓራንኮዬን! አጥር ሥር ጭቃ ላይ ተጥሏል፤ ሰንሰለቱ በዝገት ተጣብቋል።

«ሰፊው ሕዝብ የሠራበት እንዲህ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ሊቀመንበሩ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል፣ «በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ ዕቃ ምን ያስጮህሃል?» አይለኝም!

ሰውየው ለካ ፓራንኮውን ብቻ ሳይሆን መልሴንም ወርሶታል!