የሚያበራው ብልቃጥ

በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፤ የመምህራን ክበብ ወጥ ቤት ኃላፊዋ እትዬ ዘርትሁንና የላቦራቶሪ ባለሙያው ናሁሰናይ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሐምራዊ መብራት ፊት ቆመዋል።

ዘርትሁን፦ ያ ብልቃጥ የእኔ መሆኑን በምን አወቅህ?

ናሁሰናይ፦ ስምዎ ተጽፎበታል። ጠዋት እጅዎን ያለቀለቁበት ውሃ ነው። ይኸው፣ ሰማያዊ ያበራል።

ዘርትሁን፦ ቢያበራስ? ያምራል እኮ።

ናሁሰናይ፦ ችግሩ ማማሩ ነው። የጨመርኩበት ቀለም የታሰረ ነው፤ ብቻውን አያበራም። የአንጀት ባክቴሪያ ካለ ግን ኢንዛይሙ ማሰሪያውን ይቆርጥለታል፣ ቀለሙም ይበራል። ከመጸዳጃ ቤት ወጥተው አልታጠቡም ማለት ነው።

ዘርትሁን፦ አሥራ ሁለት ዓመት አብልቼህ እንዲህ ትለኛለህ?

ናሁሰናይ፦ እንዲህ ያለው ቀለሙ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ክበቡ ዛሬ እንዲታሸግ ልፈርም ነው።

ዘርትሁን፦ ከታሸገ እኔም ከሥራዬ ወጣሁ ማለት ነው። አልዋሽህም፣ ፈርቻለሁ። ግን ሦስት ጊዜ ነው የታጠብኩት። እንደምትመጣ ሰምቼ ነበር።

ናሁሰናይ፦ ድንገተኛ ምርመራ ነበር። ማን ነገረዎት?

ዘርትሁን፦ አንተው። ትናንት ሽሮ እየጠበቅህ ለጓደኛህ ስታወራ።

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ በምንድን ነው የታጠቡት?

ዘርትሁን፦ ነጠላዬን በማነጣበት የዱቄት ሳሙና። ስትመጣ አረፋው እንኳ በደንብ አልለቀቀም ነበር።

ናሁሰናይ፦ በዱቄት ሳሙና?

ዘርትሁን፦ ምነው፣ ፊትህ ተለዋወጠ?

ናሁሰናይ፦ ልብስ እንዲያነጣ የሚጨምሩበት ነገር አለ። እሱም በዚህ መብራት ሰማያዊ ያበራል።

ዘርትሁን፦ ታዲያ ቀለምህን ከመጨመርህ በፊት መብራቱን አብርተህ አላየኸውም?

ናሁሰናይ፦ ማየት ነበረብኝ። ቸኮልኩ።

ዘርትሁን፦ የእኔን እንጀራ ለመዝጋት ነው የቸኮልከው? ነገ በተራ ሳሙና ታጥቤ እመጣለሁ፣ እንደ አዲስ መርምረኝ። እዚያ ካርቶን ጀርባ የሚያበራው ሌላው ብልቃጥስ የማን ነው?

ናሁሰናይ፦ እሱ ለማነጻጸሪያ ነው።

ዘርትሁን፦ የማን እጅ ነው አልኩህ።

ናሁሰናይ፦ የእኔ። ንጹሕ ነው ብዬ ነበር።

ዘርትሁን፦ አንተም በዱቄት ሳሙና ታጥበህ ነበር?

ናሁሰናይ፦ እኔ በምንም ሳሙና አልታጠብኩም።

ዘርትሁን፦ ያንን የማሸጊያ ወረቀት ቅደደውና ምሳህን ና ብላ። ለብቻህ በሳህን አቀርብልሃለሁ፣ በማንኪያ ትበላለህ፤ ለማንም ጉርሻ ስትሰጥ እንዳላይህ።