የእሁዱን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ

— ሄሎ... አዎ፣ የስቲድሃም ቤት ነው... ኬልሲ ሥራ ላይ ናት፣ አልገባችም። አያቷ ነኝ፣ ኢሞጅን። ማን ልበል?...

— ሚስ ፕሩዊት... ከየት?... ከፈቃድ ሰጪው ቦርድ። የንግግር ሕክምናውና የጆሮ ምርመራው... አወቅኋችሁ፣ አወቅኋችሁ። ምነው፣ የጎደለ ወረቀት አለ? ዲግሪዋን ልካለች፣ ፈተናውን አልፋለች፣ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራውን ዘጠኝ ወርም ባለፈው ሳምንት ጨርሳለች። አርብ ሙሉ ፈቃዷን ትሰጧት የለ?...

— ምን?... ቀስ ብለው ይንገሩኝ... አቤቱታ? በኬልሲ ላይ? ማን ነው ያቀረበው?... ስሙ አይነገርም። የእሷ ስም ግን ተነገረ...

— ዶይል፣ ቁጭ በል፣ ላንተ አይደለም... ባለቤቴ ነው። ጥቅምት ላይ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቃል አይወጣለትም፤ ስልክ ሲጮኽ ግን ከእኔ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ይቀጥሉ...

— እሺ፣ ያንብቡልኝ... «የንግግር ሐኪማችን ኬልሲ ስቲድሃም ረቡዕ ከቀኑ በአሥር ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በነጻ ታክማለች። የሚበላ ነገር ይዛችሁ ኑ»...

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል?... ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ... አዎ፣ እኔ። ቤተ ክርስቲያኑ እሁድ እሁድ የሚያድለውን የማስታወቂያ ወረቀት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የታመመውም፣ የወለደችውም፣ የሞተውም በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ልጅቷ ምንም አታውቅም። መዝሙር እየተዘመረ ወረቀቱን ስትገልጥ ነው ያየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ...

— ሐኪም ብሎ መጻፍ አይቻልም... ጊዜያዊ ፈቃድ ያላት ሰው ያለ ተቆጣጣሪዋ መሥራት አትችልም... ይሄን ሁሉ ወረቀቱ ከታደለ በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነግራኛለች፣ የኔ ልጅ። ስንት ዓመትሽ ነው?... ሃያ ስድስት። እሷን በአንድ ትበልጫታለሽ። እንግዲህ አንቺ ልበልሽ...

— ጠይቂኝ፣ ምን ይፈራል... ረቡዕ ዕለት ሰው አክማለች ወይ?...

— ቆዪ፣ ወንበር ልሳብ...

— አላከመችም... አንድም ሰው አላየችም ነው የምልሽ። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ከተራራው ማዶ የመጡ አሉ። ባቄላው፣ የበቆሎ ዳቦው፣ ጠረጴዛው አልበቃ አለ። እሷ በሩ ላይ ቆማ «ተቆጣጣሪዬ እዚህ የለችም፣ ያለ እሷ ማየት አልችልም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። ለእያንዳንዱ የክሊኒኩን ስልክ በእጇ ጻፈችለት። ከዚያ ወንበሮቹን አጣጥፋ ወጣች...

— ሁሉም አይቷል። ፓስተሩም አይቷል። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ምን እንዳልኳት ልንገርሽ?... «አያትሽ አፉ ተይዞ አጠገብሽ ተቀምጧል፤ ምን ዓይነት ትምህርት ነው የተማርሽው?» አልኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልሰጠኋትም... የእናንተን ሕግ ብላ ነው እኔን ያስቀየመችው። አሁን ደግሞ አንቺ ደውለሽ ሕግ ጥሳለች ትይኛለሽ...

— እሺ፣ አላልሽም። አቤቱታው ነው ያለው...

— ቃሌን በጽሑፍ? እሰጣለሁ። ወረቀቱን እኔ ጻፍኩ፣ ተሳስቻለሁ፣ ብዬ እፈርማለሁ... ምን የሚል?... «ኬልሲ ስለተፈጠረው ሁኔታ ተጸጽታለች»... አይ፣ እሱን አልፈርምም... ቅጹ ላይ የታተመ ይሁና። በምን ትጸጸት? ሰርዢው፣ ያኔ ላኪልኝ...

— ጎበዝ። እየጻፍሽ ከሆነ ይሄንንም ጨምሪበት። ቅርብ የሚባለው ክሊኒክ አሁን እሷ የምትሠራበት ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ፣ ወረፋው ደግሞ አምስት ወር። ዶይል አሁንም እየጠበቀ ነው። ሙሉ ፈቃዷን ካገኘች እዚሁ ጤና ጣቢያ ክፍል ተዘጋጅቶላታል፤ ቀለም እንኳ ተቀብቷል። ቦርዱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ይሄን መንገድ በረዶ ሲጥል ነድተውት ያውቃሉ?... አታውቂም። ጻፊዋ...

— የቦርዱ የአርብ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው?... መናገር የፈለገ ይናገራል? ስንት ደቂቃ?... ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ያን ረቡዕ የመጡትን አሥራ አንዱንም ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ አውቶቡስ ይዤ እመጣለሁ። መመዝገብ ካለበት መዝግቢያቸው። ዶይልንም መዝግቢው... አዎ፣ አይናገርም። ሦስት ደቂቃውን ዝም ብሎ ይቆምላችኋል...

— ምን ያስቅሃል አንተ? ክራባትህን ፈልግ...

— ቆይ... መኪናዋ ነው፣ ገባች... አይ፣ አላገናኝሽም፣ የኔ ልጅ። ከአንቺ ከሰማችው ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። እኔ ነኝ የምነግራት... የአቤቱታው ነገር ይደርሳል፣ ይቆየን። መጀመሪያ ሌላ የምላት ነገር አለኝ፣ ሁለት ሳምንት ያሳደርኩት ይቅርታ...

— አርብ እንገናኛለን። ደህና ዋይ... ዶይል፣ ተነስ፣ በሩን ክፈትላት።