ቦምብና ወንጭፍ

በእኛ ጊዜ እኔ ወታደር የሆንኩት ጦርነት ሳይኖር ነው። ስሚኝማ ዘነቡ፣ ልጅሽ የወታደር ማሰልጠኛ ልግባ ስላለች ሦስት ቀን ሙሉ ፊትሽን አጥቁረሽ ከምትውዪ ቁጭ በይና ስሚኝ። አንቺም ሰላማዊት ነይ ወዲህ፣ ከአያትሽ አጠገብ። ታዲያ እኔ ስመዘገብ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ሰላም ከሆነማ ይሂድ፣ ማን ይገድለዋል?» አለች። ማን ይገድለዋል! በገዛ እጄ ልሞት ነበራ።

እና ገባን። መጀመሪያ ሩጫ ነው፤ ሩጫ ለመንዜ ምኑ ነው? ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ በግ እየነዳሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሌላው ሲያለከልክ እኔ ከፊት፣ ሁልጊዜ ከፊት። ኮራሁ። ያጠፋኝም ያ ኩራት ነው። ታዲያ አሰልጣኛችን አንድ አምሳ አለቃ ነበሩ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። አንድ ቀን ድንጋይ አስወረወሩን፤ የኔ ድንጋይ ከሁሉም አልፎ ሄደ።

«ከየት ተማርከው?» አሉኝ።

«ገብስ ስጠብቅ፣ ጌታዬ። ጭላዳ ዝንጀሮ በወንጭፍ ሳባርር።»

«ወንጭፉን እርሳው፣» አሉ። ሰማሁ? አልሰማሁም።

ከዚያ እውነተኛው ቦምብ መጣ፣ የእጅ ቦምብ። «ቀለበቱን ንቀል፣ እጅህን ወደ ኋላ፣ ወርውር፣ ተኛ። በቃ፣» አሉኝ። ምሽግ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ቀለበቱን ነቀልኩ፣ እና እጄ፣ እጄ እኮ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ የለመደውን አደረገ። ከራሴ በላይ አንዴ አዞረ፣ ሁለቴ አዞረ፣ ልክ ማማ ላይ ቆሜ ጭላዳ እንደማባርር። ታዲያ በሦስተኛው ላብ ያላበው እጄ ለቀቃት። ወዴት ብትሉኝ ወደ ኋላ፣ እዚያው እግራችን ስር ዱብ። እኔ ደርቄ ቆሜ አያታለሁ። እሳቸው አልጮኹም። በቀበቶዬ አንጠልጥለው ከምሽጉ ወዲያ ወረወሩኝና ላዬ ላይ ወደቁ፣ እና ድው! አፈር ዘነበብን። ከላዬ ሳይነሱ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ጭላዳው ሞተ?»

ሳቂ እንጂ ዘነቡ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ከግራ ጆሯቸው ደም ይወርድ ነበር። ሄጄ ባናዬን፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ጠቀለልኩ፣ አገሬ ልገባ። እየጠቀለልኩ ሳለ ጆሯቸው በፋሻ ታስሮ መጡ።

«ወዴት?»

«አገሬ፣ ጌታዬ። ሰው ልገድል ነበር።»

«ጥፋቱ የኔም ነው፤ ወንጭፉን ከእጅህ ሳላስወጣ ቦምብ ሰጠሁህ። ነገ ትወረውራለህ።»

«ከማን ጋር?»

«ከኔ ጋር ነዋ።»

ሰውየው አበደ አልኩ በልቤ። ታዲያ እስኪመሽ ድረስ ድንጋይ አስወረወሩኝ፣ ክንዴ ሊዞር ባለ ቁጥር በዘንግ ቸብ፣ ሊዞር ሲል ቸብ። በማግስቱም እዚያው ምሽግ፣ እዚያው ጎኔ ቆሙ። እሳቸው ያንን በፋሻ የታሰረ ጆሮ ይዘው ቆመዋል፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አላሉም። ነቀልኩ፣ ወረወርኩ፣ ተኛሁ። ሄደችልኝ። «ይኸው፣» አሉ። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እና አልዋሽሽም ዘነቡ፣ በሰላም ጊዜም ሰው ይሞታል፣ እናቴ ተሳስታ ነበር። ግን ከውትድርና ምን አተረፍክ ብትዪኝ ይችን ነው፤ ሰው ባጠፋበት ቦታ በማግስቱ ተመልሶ መቆምን። ይህን ማረሻ አያስተምርም፣ እኔም ሰላማዊትን ላስተምራት አልቻልኩም፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ትሂድ። እንዲህ ያለ ሰው ከጎኗ እንዲቆም ብቻ ጸልዪላት።

ዘነቡ፣ «አባባ፣ ለመሆኑ የሰውየው ጆሮ ዳነ?» ብላ ጠየቀች።

«አልዳነም። እስክንለያይ ድረስ በቀኛቸው እየሄድኩ ነበር የማወራቸው።»

ዘነቡ ተነስታ ከአልጋው ላይ ባናውን አወረደችና ማጠፍ ጀመረች። «በሉ እንግዲህ፣ ይህን ትያዝ፤ ይበርዳት ይሆናል።»

«እማዬ፣ ማሰልጠኛው እኮ ቆላ ነው፣» አለች ሰላማዊት።

«ቆላም ቢሆን ትይዢዋለሽ።»

አባባ ሳቁ።